ጠያቂዋ ፎቶ አንሺ እትዬ ዘይነብ

እትዬ ዘይነብ ማረፏን የሰማሁት ኮምቦልቻ፣ አንድ የሠርግ ግቢ ውስጥ፣ ሠላሳ አንድ ሰው በሦስት ረድፍ አሰልፌ የሙሽራው አያት ወንበራቸው ላይ እስኪመቻቹ እየጠበቅሁ ሳለ ነው። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ደጋግሞ ነዘረ። ሳነሣው ደሴ ከሱቋ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጠው ጎረቤቷ ነበር።

«ምሕረት፣ እትዬ ዘይነብ ሱብሒ ላይ ወደ አኼራ ሄደች። ቀብሩ ከዙህር ሰላት በኋላ ነው። ከቻልሽ ድረሺ» አለኝ።

ስልኩን ኪሴ ከተትሁና ካሜራውን ወደ ዐይኔ አስጠጋሁ። ምንም አይታየኝም። ሌንሱ የቆሸሸ መስሎኝ በሹራቤ ጫፍ ጠረግሁት። ሁለተኛ ስሞክርም ያው ነው። አያትየው ከተቀመጡበት፣ «ልጄ፣ ምን ሆንሽ?» አሉኝ።

«ፎቶ ማንሣት ያስተማረችኝ ሰው አርፋለች» አልኳቸው።

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። እሳቸው ሲነሡ የተቀመጠው ሁሉ ተነሣ፤ ሙሽሪትም ቬሏን ሰብስባ ቆመች። «ነፍስ ይማር» አሉ። ሌሎቹም ተከትለው «ነፍስ ይማር» አሉ። ከዚያ አያትየው ተመልሰው ተቀመጡና፣ «በሉ ቀጥ በሉ፤ ቶሎ ትጨርስና እንልቀቃት» አሉ። ያን ዕለት ባነሣሁት የቤተሰብ ፎቶ ላይ የሁሉም ፊት ለሠርግ እንግዳ የሆነ ጸጥታ አለበት። ሙሽሮቹ ግን ከአልበሙ ሁሉ መርጠው ሳሎናቸው የሰቀሉት እሱን ነው።

የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ስደርስ ቀብሩ አልቋል። ለቅሶ ቤቱ ገብቼ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥሁ። ከከበቡኝ ሴቶች የሚበዙት በሠርጋቸው ቀን እትዬ ዘይነብ ያነሣቻቸው ናቸው። ስለ እሷ ሲያወሩ ስለ ፎቶው ያነሣ የለም። ሁሉም የሚያወሩት ምን ብላ እንደጠየቀቻቸው ነበር።

እኔንም የተቀበለችኝ በጥያቄ ነው። በኮምፒውተር ተመርቄ ሥራ አጥቼ ደሴን ላይ ታች ስል፣ ፒያሳ አካባቢ አንድ ጠባብ ፎቶ ቤት በር ላይ «ኤዲተር እንፈልጋለን» የሚል ወረቀት አይቼ ገባሁ። ሃምሳውን ያለፈች አጭር ሴት ከባንኮኒው ጀርባ ቆማለች። የወንድ ጃኬት ደርባለች። ሻርፗ ሌንሱ ላይ እንዳይወድቅባት ወደ ኋላ ጥብቅ ብሎ ታስሯል፤ መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«የፎቶ ቤቱ ባለቤት እርስዎ ነዎት?» አልኳት።

«አንቱ አትበይኝ። ካሜራ ይዤ አንቱ ከተባልሁ ሰዉ ሁሉ ይደነግጥብኛል» አለችኝና፣ «ዛሬ ጠዋት ማን ቀሰቀሰሽ?» ስትል ጠየቀችኝ።

ግራ ገባኝ። «አባቴ» አልኳት።

«ጠርቶሽ?»

«አይ፣ ሲጸልይ። ጴንጤ ነን። ድምፁ ከፍ ይላል።»

«ምን ብሎ ነው የሚጸልየው?»

«ሥራ እንዳገኝ።»

«ስምሽን ይጠራል?»

«አዎ፣ ደጋግሞ» አልሁና አባቴ በየማለዳው ስሜን ሲጠራ፣ እኔም ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ «ሰምቶሃል እኮ፣ በቃ» ስል ትዝ አለኝና ሳቄ መጣ። ያኔ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ካሜራው ለካ ባንኮኒው ላይ ወደ እኔ ዞሮ ነበር። ፎቶውን በስክሪኑ አሳየችኝ። እስከዚያች ቀን ድረስ የተነሣኋቸው ጉርድ ፎቶዎች ሁሉ የታሰረ ሰው ፎቶ ነው የሚመስሉት። ይህኛው እኔን ይመስላል።

«ሰውን ሳቅ አትበይው። ሳቅ ስትይው ጥርሱን ብቻ ነው የሚያሳይሽ። የሆነ ነገር እንዲያስታውስ አድርጊው» አለችኝ። በማግስቱ ሥራ ጀመርሁ።

እትዬ ዘይነብ ፎቶ አንሺ የሆነችው ሳታስበው ነው። ወጣት ሳለች ሹሩባ ትሠራ ነበር። የደሴም የኮምቦልቻም ሙሽሮች ፀጉራቸውን እሷ ጋ ነው የሚሠሩት። የፎቶ ቤቱ የቀድሞ ባለቤት የሙስሊም ሠርግ ሲጠራ የወንዶቹን ወገን አንሥቶ ሴቶቹ ክፍል በር ላይ ይቆማል፤ አያስገቡትም። አንድ ቀን በር ላይ ቆሞ ሲጨነቅ እሷ የሙሽራዋን ፀጉር ጨርሳ ስትወጣ አገኘችውና፣ «ይቺ ነገር እንዴት ነው የምትሠራው?» አለችው፤ ካሜራውን ማለቷ ነው። ሰውየው ቸግሮታልና አሳያት። ይዛ ገባች። ከፊልሙ ሦስት አራተኛው ተቃጥሏል፤ የቀሩትን አጥቦ ሲያያቸው ግን ሰውየው ለሚቀጥለው ሠርግም ጠራት። ሴቶቹ እሷን እንደ እንግዳ አላዩዋትም። ከዚያ ወዲህ አብራው ሠራች፤ እሱ ሲያረጅ ፎቶ ቤቱን እሷ ያዘችው።

ብዙ ነገር ያስተማረችኝ ሥራ ላይ ሳለን ነው። ደሴ ብርዱ ባትሪ ስለሚገድል ሁለት ባትሪ ሁልጊዜ ደረቷ ውስጥ ትይዛለች። ሠርግ የተነሣበት ሚሞሪ ካርድ ሁለት ቦታ ሳይገለበጥ በእጇ አይጠፋም። ሠርግ ቤት ስትገባ አስቀድማ የምታየው ሙሽራዋን አይደለም፤ ብርሃኑ በየት በኩል እንደሚገባ ታያለች፣ ቀጥላ የሙሽራዋን እናት ትፈልጋለች። «ሙሽራዋ ዛሬ ማንን እንደምትመስል አታውቅም፤ በሜካፕ ተሸፍናለች። ከእናቷ ፊት ነው የማነባት» ትለኛለች። ዘመድ ለፎቶ ስትደረድር ማን ከማን ጎን ለመቆም እግሩ እንደሚከብደው ታያለች። በኋላ ታክሲ ውስጥ፣ «ያ ረጅሙ አጎቷ ከአባቷ ጋር አይነጋገርም። ከመቼ ወዲህ ይሆን?» ትለኛለች። ምክንያቱን ሳታውቅ ብትቀር ምሳ አይበላላትም።

ይሄ ጠባይዋ ሁልጊዜ አላማረላትም። አንዲት ሙሽራ ላይ የደረሰውን ልሸሽገው አልችልም። ልጅቱ ፊቷ ድርቅ ብሎ አልፈታ ሲላት እትዬ ዘይነብ፣ «ዛሬ እዚህ ቢኖር የምትወጂው ማን ነበር?» አለቻት። ልጅቱ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ ከዚያ ማቆም አቃታት። ወንድሟ ሞቶ ዓመት አልሞላውም ነበር። አጎቷ ገብቶ ጮኸብን፣ የሜካፕ ሠሪዋ ሁለት ሰዓት ሥራ ገደል ገባ፣ አጃቢው ውጭ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠበቀ። እትዬ ዘይነብ ልጅቱ እግር ሥር ቁጭ ብላ እንባዋን በገዛ ሻርፗ ጠረገችላት። ከዚያ ወዲህ ያቺን ጥያቄ ለማንም ስትጠይቅ አልሰማኋትም። እኔ ግን ሙያዋን የተጠራጠርሁት ያን ቀን ነው። ሰው ፎቶ ሊነሣ እንጂ ሊመረመር አልመጣም ብዬ ለአባቴ ነግሬዋለሁ።

ሐሳቤን ያስቀየሩኝ አንድ ቄስ ናቸው። ከቦሩ ሜዳ ወዲያ ካለ ገጠር ከባለቤታቸው ጋር ለሕክምና መጥተው፣ ልጃቸው «አብራችሁ ተነሡና ላኩልኝ» ብላቸው ወደ እኛ ገቡ። አርባ ዓመት ሲኖሩ አንድ ላይ ተነሥተው አያውቁም። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው እንደ ዓምድ ቀጥ አሉ። ባለቤታቸው አንድ እርምጃ ርቀው መሬት መሬት ያያሉ። ጠጋ በሉ ብንል ሁለቱም አፈሩ።

«አባ፣ ባለቤትዎን መጀመሪያ ያዩዋቸው ዕለት ምን ለብሰው ነበር?» አለች እትዬ ዘይነብ።

እኔ አፈርሁ። ቄሱ ግን ሳያስቡ፣ «ቀሚሷ ጥለቱ ቀይ ነው። በስተግራ በኩል እሾህ ቀዶታል። እንዳይታይባት እጇን እንዲህ አድርጋ ይዛዋለች» አሉና የራሳቸውን ቀሚስ ጎን ጨብጠው አሳዩ።

ባለቤታቸው ቀና አሉ። «ያንን ያስታውሱታል እንዴ?» አሉ፤ ባላቸውን እንዲያ ሲያዩ ገና ያን ጊዜ ያወቋቸው ይመስላል። እትዬ ዘይነብ ያነሣችው ያቺን ቅጽበት ነው።

ስለ እትዬ ዘይነብ ለሰው ስናገር ሁልጊዜ የምጨርሰው በእማማ ሐሊማ ታሪክ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ባለው ጊዜ፣ ሱቁ ተዘርፎ እንደ አዲስ በከፈትንበት ሰሞን ነው። እትዬ ዘይነብ ከተማውን ለቃ ስትወጣ ከሱቁ የያዘችው ሀርድ ዲስኮቹን ብቻ ነበር፤ በፎጣ ጠቅልላ ከልብሷ ጋር ቋጥራቸው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ እናት በር ላይ ቆመው፣ «አሰላሙ ዐለይኩም። የልጅ ፎቶ ትፈልጉልኛላችሁ?» አሉ። ከቢስቲማ በሚኒባስ መምጣታቸው ነው። ደሴ ያሉ ፎቶ ቤቶችን አንድ በአንድ ሲያዳርሱ እኛ ስድስተኛ ነን።

ልጃቸው ጀማል ይባላል። በጅቡቲ በኩል ባሕር ሊሻገር ወጥቶ ጀልባዋ ተገለበጠች። የዳነ ጓደኛው ደውሎ አረዳቸው። አስከሬን የለም፣ መቃብር የለም። ፎቶም የለም፤ መታወቂያውም ስልኩም አብረውት ሄደዋል። እናቱ ደሴ ጉርድ ፎቶ ተነሥቶ ያውቃል መባሉን ብቻ ነው የሰሙት።

«መልኩ እየጠፋኝ ነው። ወላሂ፣ ፊቱን ላስብ ስል የአባቱ ፊት ይመጣብኛል» አሉ።

እኔ በስሙ ፈለግሁት፤ የለም። እናትየው ለመሄድ ሲነሡ እትዬ ዘይነብ አስቀመጠቻቸው። ፊቱ ምን እንደሚመስል ነገሯት፤ ጥርሱ ፍንጭት ነው፣ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው። እሷ ግን ሌላ ነገር ጠየቀች።

«ደሴ ሲመጣ ምን ይሠራ ነበር?»

«ድንኳን ይተክላል። ለሠርግ፣ ለለቅሶ። ወንበር ይጭናል፣ ያወርዳል። እዚህም ኮምቦልቻም። ዓመት ሠርቷል።»

እትዬ ዘይነብ መነጽሯን አደረገች። «እንግዲያው እኔ አንሥቼዋለሁ» አለች። «የእርስዎን ልጅ ብዬ አይደለም ያነሣሁት። ሙሽራ ሳነሣ ከኋላ ያለ ሰው አብሮ ይነሣል። አብሽሩ፣ እንፈልገዋለን።»

እናትየው የጎረቤታቸውን ስልክ ትተው ሲሄዱ ተቆጣኋት። «እንዴት እንዲህ ትያቸዋለሽ? በዓመት ስንት ሠርግ እንደምናነሣ ታውቂያለሽ?»

«አላገኘሁትም ማለት እችላለሁ። ሳልፈልገው ግን አልላቸውም» አለች።

ዐሥራ አንድ ቀን ፈለግን። ደንበኛ ሲገባ እናቆማለን፣ ሲወጣ እንቀጥላለን። ከፎቶው መሀል ያሉትን ሙሽሮች ትተን ጠርዝ ጠርዙን እያጎላን ማየት ጀመርን። የተቆረጠ ትከሻ፣ ምሰሶ የያዘ እጅ፣ ወንበር የተሸከመ ጀርባ። እኔ ለዓመታት በኤዲት ሳጠፋቸውና ሳደበዝዛቸው የኖርሁ ሰዎች ናቸው። አንዲት ወጥ ሠሪ በየሠርጉ ወገቧን ይዛ ሰማይ ታያለች። አንድ ሰውዬ ደግሞ በሰባት ሠርግ ላይ በአንድ ዓይነት ሱፍ ተገኝቷል፤ ሰባቱም ቤተሰቦች አይዛመዱም። እትዬ ዘይነብ እሱን ባየች ቁጥር እስኪያንፈራፍራት ትስቃለች። «ማን ነህ አንተ? ማን ጠርቶህ ነው?» ትለዋለች ስክሪኑን። የሚቀጥለው ሠርግ ላይ ካገኘሁት ሳልጠይቀው አልለቀውም ብላ ነበር፤ አላገኘችውም።

ጀማልን ያገኘነው አንድ የኮምቦልቻ ሠርግ ላይ ነው። ከፊት ሚዜዎቹ ይጨፍራሉ። ከኋላ፣ ድንኳኑ ሥር፣ አንድ ወጣት ወንበር ደራርቦ ተሸክሞ ይስቃል። አጎላሁት። ፍንጭት ጥርስ፣ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ። «ያ አላህ» አለች እትዬ ዘይነብና እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔም ጮህሁ መሰለኝ፤ የጨርቅ ሻጩ ጎረቤታችን ምን ሆናችሁ ብሎ ገባ።

ትንሽ ቆይተን ነው ሌላውን ያየነው። ልጁ ብቻውን አይደለም። ቢጫ ቀሚስ የለበሰች ልጅ አጠገቡ ቆማ በአንድ እጇ አፏን ይዛ ትስቃለች። ሌላው እጇ የልጁን እጅጌ ይዟል።

«እሷን ቆርጬ አወጣታለሁ። ዐሥር ደቂቃ አይፈጅብኝም» አልሁ።

«ቆይ።» እትዬ ዘይነብ ወንበሯን ሳበች። «እናትየው ስለ ልጁ ጠይቀውናል። ይቺ ልጅ ግን ወደ እኛ አልመጣችም። አግብታ ይሆናል፤ ወንድሞቿ የማያውቁት ነገር ይሆናል። ቆርጠን ብንሰጥ አንድ ነገር ነው፣ ሳንቆርጥ ብንሰጥ ሌላ ነገር ነው። ምን እንደምትፈልግ ሳንጠይቃት በምን እንወስናለን?»

የዚያ ሠርግ ሙሽራ ልጅቱን አወቀቻት። ሰሚራ ትባላለች፤ አላገባችም፤ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። በማግስቱ በሚኒባስ ወረድን። እትዬ ዘይነብ እንደ ልማዷ ሐረጎን ወርደን ሙቀቱ ሲጀምር ጃኬቷን አውልቃ ጉልበቷ ላይ አጠፈችው። የቀን ሠራተኞች ሲወጡ ፋብሪካው በር ላይ ጠበቅናት።

እትዬ ዘይነብ ስሟን ጠርታ ሰላም አለቻት፤ ማን እንደሆነችም ነገረቻት። ከዚያ፣ «አንድ ፎቶ ላሳይሽ ነው። ማየት ካልፈለግሽ አላሳይሽም። ጀማል ያለበት ነው» አለቻት።

ልጅቱ ስልኩን ተቀብላ አየችው። ወዲያው አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የሥራ ጓደኞቿ ሲያልፉ ፊታቸውን አዙረው ያይዋታል። እትዬ ዘይነብ ከፊቷ ቆማ ጃኬቷን ዘርግታ ከለለቻት።

«መሞቱን ሰምተሻል?»

«ድንኳን አከራዩ ነገረኝ።»

«ለቅሶ ደረስሽ?»

«ማን ነኝ ብዬ ልሂድ?» አለች ሰሚራ። «ቤታችን የሚያውቅ የለም፤ ቤታቸውም የሚያውቅ የለም። ሽማግሌ የምልከው ሠርቼ ስመለስ ነው ብሎ ነው የሄደው። በእኔ ምክንያት ነው የሄደው። እናቱ ይሄን ቢሰሙ ምን ይሉኛል? አፈር ስሆን እትዬ፣ ቁረጡኝ። ከፎቶው አውጡኝ።»

እትዬ ዘይነብ ልታግባባት ትሞክራለች ብዬ ጠበቅሁ። አልሞከረችም። «እሺ የኔ ልጅ» ብቻ አለቻት። ስልክ ቁጥሯን ተቀብላ ተለያየን።

እንዳለችው አደረግሁ። ልጅቱን ቆርጬ አወጣኋት፤ እጅጌው ላይ የቀሩትን ጣቶቿንም አንድ በአንድ አጠፋኋቸው። ጀማል ከወንበሮቹ ጋር ብቻውን ቀረ። በሥራዬ ኮርቼ ነበር፤ ምንም ምልክት አይታይም።

እማማ ሐሊማ ሐሙስ ቀን መጡ። የታጠበውን ፎቶ እትዬ ዘይነብ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። እናትየው አላለቀሱም። ወደ በሩ ብርሃን ወስደው አዩት፤ ጥርሱን፣ ጠባሳውን፣ አገጩን በጣታቸው ነካኩት። «እሱ ነው። ጀማሌ ነው» አሉ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ።

«ወዴት ነው የሚያየው?»

«ወደ ሙሽሮቹ ይሆናል» አልሁ ፈጥኜ።

«አይደለም» አሉ። «ልጄን አውቀዋለሁ። አባቱ ከሞተ ወዲህ ቤታችን ውስጥ እንዲህ ስቆ አያውቅም። ይሄ አጠገቡ ሰው አለ። ማን ነው?»

እትዬ ዘይነብን አየኋት። ለመዋሸት አልሆነላትም፣ አደራም አለባት። «እማማ ሐሊማ፣ ሰው ነበረ» አለች በመጨረሻ። «ስሙን እንዳልናገር ለምኖኛል። ወጥቼ ልደውልለት?»

«ደውይለት።»

ስልኩን ይዛ ወጣች። በመስታወቱ አያታለሁ፤ ወዲያና ወዲህ ትላለች፣ ትሰማለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች። ስትመለስ ትንፋሽ አጥሯታል።

«ትመጣለች» አለች።

እማማ ሐሊማ ቀና አሉ። «ትመጣለች?» አሉ።

እትዬ ዘይነብ ምላሷን ነከሰች፤ ግን አምልጧል። እናትየው ፎቶውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከአንድ ሰዓት በላይ በሩን ሲያዩ ቆዩ። እኔ ፈርቻለሁ። ልጄን የወሰድሽብኝ አንቺ ነሽ ብለው ቢነሡባት ምን እናደርጋለን? ያስታረቅን መስሎን የሰው ቁስል ልንከፍት ነው አልሁ በልቤ። እትዬ ዘይነብም ፈርታለች፤ ያንኑ አንድ ሌንስ ስትወለውል ቆየች።

ሰሚራ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች መጣች። ደፉ ላይ ቆማ አልገባ አለች።

«እኔ ነኝ» አለች። «የሄደው በእኔ ምክንያት ነው። ከአሁን በፊት መጥቼ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነበር፤ ፈራሁ።»

እማማ ሐሊማ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «አንቺ ነሽ ያሳቅሽው?» አሉ።

«አዎ።»

«ነይ ግቢ። እዚህ ጎኔ ተቀመጪ።» ተቀመጠች። «ምን ብለሽው ነው?»

ሰሚራ ይሄን አልጠበቀችም። እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ፣ «ሸሚዝህን ገልብጠህ ነው የለበስከው አልኩት» አለች። «ጠዋት ድንኳን ሲተክል ጀምሮ እንደዚያው ነበር። ሰው ሁሉ አይቶት ማንም አልነገረውም።»

እኔ ከወንበሬ ተነሥቼ ስክሪኑን አጎላሁ። እውነቷን ነው፤ የሸሚዙ ስፌት በውጭ በኩል ይታያል፣ አንገቱ ላይ የተሰፋችው ምልክት ሳትቀር። ያንን ሸሚዝ ስንት ሰዓት አጉልቼ ጣት ሳጠፋበት ውዬ አላየሁትም። እትዬ ዘይነብም አላየችውም።

እናትየው ፎቶውን ወደ ዐይናቸው አስጠጉ። ስፌቱን ሲያዩት ሳቃቸው አመለጣቸው። «በጨለማ ነው የሚለብሰው! ትንንሾቹ ወንድሞቹ እንዳይነቁበት ብሎ መብራት አያበራም። ሁልጊዜ ነው የሚገለብጠው፤ ሁልጊዜ!» አሉ። ሳቁ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነ። ሰሚራም እቅፋቸው ውስጥ ገባች። ለወራት ለብቻዋ የያዘችውን ለቅሶ ያን ቀን ነው ከሰው ጋር ያለቀሰችው። እትዬ ዘይነብ መጋረጃውን ስባ በሩን ዘጋችው፤ ደንበኛ አንኳኩቶ ተመለሰ።

ሲረጋጉ እማማ ሐሊማ የያዙትን ፎቶ ባንኮኒው ላይ አኖሩት። «ይሄኛው ጎደሎ ነው። እሷ ያለችበትን ስጡኝ» አሉ። እትዬ ዘይነብ ሰሚራን አየቻት። ሰሚራ አንገቷን ነቀነቀች። ሁለት አተምን፤ አንድ ለእናት፣ አንድ ለእሷ።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘናቸው። ሰሚራ ልትሰናበት ስትል እናትየው እጇን አልለቀቁም። «ሶደቃው ቢያልፍም ለቅሶው አላለፈም። ቤቱን ሳታዪ አትቀሪም። አንድ ቀን አድረሽ ትመለሻለሽ» አሏት። ሰሚራ መንገድ ላይ ቆማ ፋብሪካ ለምታውቃት ጓደኛዋ ደወለች፤ ነገ እንድትተካት ለመነቻት። እትዬ ዘይነብ ጃኬቷን አውልቃ አለበሰቻት።

የሚኒባሱ ረዳት በሩን ይዞ፣ «ቢስቲማ! ስንት ናችሁ እናት?» አላቸው።

«ሁለት» አሉ እማማ ሐሊማ። «እኔና ልጄ።»

መኪናው ሲነሣ እትዬ ዘይነብ በሻርፗ ጫፍ ዐይኗን ጠረግ አድርጋ፣ እንዳላያት ፊቷን ወደ ገበያው አዙራ ከፊቴ ከፊቴ መራመድ ጀመረች። ጃኬት አልለበሰችም፣ ደሴም ጉም ወርዶባታል። ልደርስባት ብፈጥን እሷም ፈጠነች። የምጠይቃት ብዙ ነገር ነበረኝ። አልጠየቅኋትም፤ ሱቅ እስክንደርስ አንድ እርምጃ ከኋላዋ ሆኜ ተከተልኋት።